ድንጋይ ልብሷን የሸጠችው ኤሊ

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ከጣሊያን ባሕር ማዶ፣ ተራራና ባሕር የሚጋፉበት አንድ ጫካ ነበር። እንስሳቱ የንስር አገር ይሉታል፤ ሰዎች በካርታቸው ላይ አልባኒያ ብለው ጽፈውታል። ይህን ጫካ ከ40 ዓመት በላይ ቀጥ ለጥ አድርጎ የገዛ አንድ ንስር ነበር። ንስሩ መጀመሪያ ከጎረቤቱ ከተኩላ ጋር ተቀያየመ፤ በ1961 ከድብ ጋር ተጣላ፤ በ1978 ከዘንዶም ጋር ተኳረፈ። (ዘመኑን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ጉዱም የደረሰው በእነሱ ሰፈር ነውና።) በ1967 ደግሞ ወደ ሰማይ አንጋጦ መለመንን ከለከለ። ከንስር በላይ የሚበር የለም፣ ሰማዩ ባዶ ነው አለ።

ወዳጅ ሲያልቅበት ጊዜ ጠላት በዛበት። እንስሳቱን ሰብስቦ የሲሚንቶ ጉድጓድ አሠራቸው፤ ጣሪያው እንደ ኤሊ ጀርባ የተድቦለቦለ፣ መሐሉ ላይ ለጠመንጃ አፈሙዝ የምትበቃ ቀዳዳ ያለው። በባሕሩ ዳር፣ በወይራ ማሳው መሐል፣ በመቃብሩ ሥፍራ፣ በየጓሮው ተሠራ። ከ170 ሺህ በላይ ነበር ይባላል። ጠላቱ አልመጣም፤ ስንት ቤት የሚያቆም ሲሚንቶና ብረት ግን እዚያው ተቀብሮ ቀረ።

ከሩቅ ለሚያየው ነገሩ ሌላ ይመስላል። ያን ጊዜ እኛ አገር በረሃ ላይ የነበሩት የሕወሓት መሪዎች፣ ድቡም ዘንዶውም ከመንገድ ወጥተዋል፣ ትክክለኛውን ጎዳና የያዘው ይኸው ጫካ ነው ይሉ ነበር። ጫካው ውስጥ የምትኖር ዶሮ ግን ስንት እንቁላል ጣልሽ ቢሏት ዙሪያዋን ሳትቃኝ አትመልስም ነበር።

ንስሩ በ1985 ሞተ። አልጋ ወራሹ በሩን ትንሽ በትንሽ ገርበብ ሲያደርግ ቆይቶ በ1991 በሩ ከነማጠፊያው ተነቀለ። እንስሳቱ ያኔ ባደረጉት የሚፈርድባቸው ብዙ ነው። የጋራውን በረት አፈረሱ፤ የጋራውን የፍሬ ዛፍ ቆረጡ፤ የመስኖውን ሞተር ነቃቀሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። የሁላችሁም ነው ሲባል የኖረው ነገር የማንም እንዳልነበር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማሳው ለየቤቱ ተከፋፈለ፤ ለአንድ ቤት 1 ሄክታር ገደማ ደረሰው፤ እሱም አንዱ ቁራሽ ከወንዙ ማዶ፣ ሌላው ከኮረብታው ጀርባ። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ጭሳቸው ጠፋ።

ክንፍ ያለው በረረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ከኩባ ስኳር ጭና የመጣች ቭሎራ የምትባል መርከብ ዱረስ ወደብ ላይ ቆማ ሳለ 20 ሺህ ያህል ወፎች ሰፈሩባት፤ በምሰሶዋ፣ በገመዷ፣ በመሰላሏ ላይ ተደራርበው ባሪ ወደምትባል የጣሊያን ከተማ አስነዷት። ጣሊያኖቹ ስታዲየም ውስጥ አጎሯቸውና አብዛኞቹን መለሷቸው። ወፍ መቼም ክንፉ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ከጣሊያንና ከግሪክ በየወሩ ፍሬ የሚላክለት ጎጆ በዛ። ጫካውን በሕይወት ያኖረው ይህ ፍሬ ነው፤ ቀበሮንም የጠራት እሱው ነው።

ፍሬው የት ይቀመጥ? የመንግሥት ጎተራ እንደሆነ ነበር። ግን ማን ያምነዋል? በር ላይ የተቀመጠችው አይጥ ማኅተሟን ስታሸት ትውልና “ነገ ተመለሱ” ትላለች። ብድር የጠየቀ ዓመት ይመላለሳል፤ ያገኘው ደግሞ አይመልስም። እንስሳቱ የንስሩን ዘመን የሚያውቁት በወረፋ ነው፤ አሁን ነፃ ወጥተው ደግሞ ለገዛ ፍሬያቸው ሊሰለፉ? እንዲህ ሲሆን ነው እመት ቀበሮ መንገድ ዳር መስኮት ከፍታ የተቀመጠችው።

እመት ቀበሮ ሲጀመር ሌባ አልነበረችም። ይህን ዘልለው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አልዘለውም። ከእንስሳቱ ፍሬ ትበደራለች፤ በወር ከመቶ አራት አምስት ወለድ ትከፍላለች፤ በተበደረችው ትነግዳለች። ዋናው ንግዷ የሌሊት ነበር። ከሰሜን ያለው ጎረቤት ጫካ እርስ በርሱ ሲባላ ዓለም በቅጣት አጥሮት፣ ነዳጅ እንዳይገባለት ተከልክሎ ነበር። ጨለማን ተገን አድርጋ ነዳጁን በሽኮደር ሐይቅ ላይ በጀልባ ታሻግርለታለች። ትርፉ ወለዱን ይከፍልላታል፤ ለእሷም ይተርፋታል። በ1995 መጨረሻ ጎረቤቶቹ ታረቁ፣ አጥሩ ተነሣ። ነዳጁ በጠራራ ፀሐይ በቦቴ መግባት ሲጀምር የቀበሮን ጀልባ ማን ይፈልጋታል?

ገበያው የደረቀበት ነጋዴ ወጪውን ይቀንሳል፤ ያለበትን ዕዳ ቀስ እያለ ይከፍላል። እመት ቀበሮ ግን አበዳሪዎቿ አንድ ቀን ተጠራርተው “ፍሬያችንን” ቢሏት ከመስኮቱ ጀርባ የሚጠብቃቸው ባዶ ጆንያ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ዋጋውን ሰቀለችው። በወር ከመቶ ስምንት አለች። አጎቷ ከጎኗ ሌላ መስኮት ከፍቶ ከመቶ አሥር አለ። በ1996 መስከረም አንዷ ዘመዷ ከመቶ ሠላሳ አለች። ኅዳር ሲገባ “በሦስት ወር ሦስት እጥፍ” የሚል ተሰቀለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ደግሞ “በሁለት ወር ሁለት እጥፍ” አለች። የዛሬው ባለ ፍሬ የሚከፈለው ነገ ከሚመጣው ባለ ፍሬ ነው። ነገ የሚመጣው ከዛሬው መብዛት አለበት፤ ከነገ ወዲያ የሚመጣው ደግሞ ከነገው። ጫካው ግን ያው ጫካ ነው፤ እንስሳውም ያው ነው።

ወፎቹ ከሌላ ጫካ ወሬ ያመጡ ነበር። ሩማኒያ ውስጥ ክሉዥ በምትባል ከተማ ካሪታስ የሚባል ድርጅት በሦስት ወር ስምንት እጥፍ እሰጣለሁ ብሎ፣ ሕዝቡን በባቡር ሲያስግተለትል ቆይቶ፣ በ1994 ተንኮታኩቷል። በዚያው ዓመት ሞስኮ ላይ ኤምኤምኤም የተባለው ሚሊዮኖችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ወሬው ጫካው ደረሰ። “የእነሱ ቀበሮ ሌባ ሆና ነው” ተባለ።

እመት ኤሊ የምትኖረው ሚዘቄ በሚባለው ሜዳ ላይ ነበር። ጎረቤቷ እትዬ በግ ጸጉሯን ሸልታ ለመስኮቷ አስረክባ፣ “ሦስት ሆነልኝ” እያለች ሰፈሩን ትዞራለች። ጸጉሩን ግን አላመጣችውም። ሦስቱን እዚያው ተወችው፣ ዘጠኝ እንዲሆንላት። የሚያስተዛዝብ ነገር ቢኖር ይኸ ነው፦ ጫካው ሁሉ ሀብታም ሆኖ ሳለ አንድ ተጨማሪ ጸጉር ያየ ዓይን አልነበረም። ሀብቱ ያለው በግ አንገቷ ላይ በክር ባንጠለጠለቻት ወረቀት ውስጥ ነው። ብርዱ ሲመጣ እትዬ በግ እየተንቀጠቀጠች ወረቀቷን ታነባለች።

እመት ኤሊ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ወረፋ ያዘች። ፊቷ ላይ ፍየል አለች፣ ግልገሎቿን ይዛ፤ ከፍየሏ ፊት ንቦች ቀፎአቸውን ተሸክመው፤ ከንቦቹ ፊት አህያ፣ ኮቴዎቹን አስነቅሎ በመሐረብ ቋጥሮ። ተራዋ ሲደርስ ከመስኮቱ ጀርባ መነጽር ያደረገ ሸለምጥማጥ ቀና ሳይል ጠየቃት።

“ምንድን ነው የምታስቀምጪው?”

“ድንጋይ ልብሴን።”

“አውልቂያ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።”

ኤሊ ድንጋይ ልብሷን ማውለቅ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከአከርካሪዋ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ፍየሏ ከወዲህ ያዘችላት፣ አህያው ከወዲያ ሳበላት። ወለቀ። ሸለምጥማጡ በጥፍሩ አንኳኳው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ስንጥቅ እንዳለው አየ፣ ሚዛን ላይ ጣለው፣ ከኋላው ወዳለው ክምር ወረወረው። ክምሩ ውስጥ ድንጋዩ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማች። ደረሰኝ ጻፈላት። ቁጥሩን አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ስትመለስ ዝናብ ጀመረ፤ ዝናብ ቆዳዋን ሲነካው የመጀመሪያዋ ነበር። በመንገዷ ሁሉ ታሰላ ነበር፦ አንዱን እለብሰዋለሁ፣ አንዱን አከራየዋለሁ፣ ሦስተኛው ለልጄ መዳሪያ ይሆናል።

አያ ጃርት ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አያት።

“እመት ኤሊ፣ በሞትሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?”

“አስቀምጬው ነው። በየካቲት ሦስት አድርገው ይመልሱልኛል።”

“ድንጋይ ልብስ ይወልዳል እንዴ?”

“አይወልድም። ሞኝ አደረግከኝ እንዴ? ቀበሮ ኮንትሮባንድ ታስገባለች፣ የሌላ አገር ሽፍታ የቆሸሸ ፍሬውን እሷ ዘንድ ያሳጥባል፣ የማይባል የለም። ከየትም ታምጣው፤ እኔ ምን ቸገረኝ? ደግሞ ክፉ ነገር ቢኖርበት አውራ ዶሮ ዝም ይል ነበር?”

በፈረንጅ ጋዜጣ ይህ ታሪክ ሲነሣ ሁሌም የአላዋቂዎች ተረት ተደርጎ ነው፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት እስር የወጡ፣ ገበያ ምን እንደሆነ የማያውቁ፣ ስስታም ምስኪኖች። እመት ኤሊን ላወቀ ይህ አያስኬድም። የሒሳቡ ነገር አልጠፋትም። የተማመነችው በቀበሮ አይደለም፤ በቆጡ ላይ ባለው ነው።

አውራ ዶሮውን በ1992 መርጠው ቆጡ ላይ ያወጡት እንስሳቱ ራሳቸው ናቸው። ሥራው አንድ ነው፤ አደጋ ሲያይ መጮህ። በ1996 ግንቦት ዳግመኛ ሲመረጥ ከቆጡ ሥር ጥሬ ተበትኖ ነበር። ጥሬው ከማን ጆንያ እንደ ፈሰሰ ጠይቆ የሚያጣራ አልነበረም፤ ቀበሮዎቹ ለምርጫው አዋጥተው ነበርና። የቀበሮዎቹ ማስታወቂያ በጫካው ቴሌቪዥን ማታ ማታ ይታያል። ሹማምንት በግብዣቸው ላይ ይገኛሉ። በጥቅምት ከዋሽንግተን አንድ ጉጉት መጣ፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የላከው። “ይህ ነገር ይፈርሳል፤ ቶሎ ዝጉት፤ በዘገያችሁ ቁጥር የሚያጠፋው ይበዛል” አለ። ጉጉት መቼም ሟርተኛ ነው። እንስሳቱ ቀንቶብን ነው አሉት፤ ድህነታችንን ስለለመደው ነው አሉት። አውራ ዶሮውም ለቀበሮዎቹ ጥብቅና ቆመላቸው።

አሁን የምለው ተረት አይደለም። በዚያ መከር ገበሬዎች ላምና በጋቸውን እየነዱ ቲራና ገቡ፤ ሸጠው ገንዘቡን መስኮቶቹ ጋ ሊያስቀምጡ። ከገንዘብ ድርጅቱ አንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ በኋላ እንደጻፈው ዋና ከተማዋ በድምጿም በሽታዋም ቄራ ሆና ነበር። ቤታቸውን የሸጡ አሉ። ሕዝቡ ያኔ 3.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ጃፈሪና ፖፑሊ የሚባሉት ሁለቱ ብቻ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አስቀማጭ ነበራቸው። መስኮቶቹ ሁሉ ተደምረው ያለባቸው ዕዳ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ሁሉ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ወደ ጫካው ልመለስ።

በ1997 ጥር እመት ኤሊ እንደ ልማዷ መስኮቱን ለማየት ብላ ሄደች። ተዘግቷል። ሁለት እጥፍ ያለችው ቀድማ ወድቃ፣ የእሷ መውደቅ ሲሰማ ሁሉም በአንድ ቀን “ስጡን” ብሎ ወጥቷል። ሸለምጥማጡ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄዷል። አውራ ዶሮው ያን ቀን ጮኸ፤ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ። እንዲህ ያለ መስኮት መክፈት ክልክል ነው ብሎ ሕግ አወጣ፤ የሁለቱን ቀበሮዎች ቅሪት ጎተራ አስቆለፈ። እንስሳቱ የሰሙት ግን እንዲህ ብለው ነው፦ ፍሬያችንን አውራ ዶሮ ቆለፈብን።

ደቡብ ላይ ቭሎራ በምትባለው የወደብ ከተማ ነገሩ ገነፈለ። አደባባይ ወጡ፤ ከዱላ ወደ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ወደ እሳት ሄደ። መጋቢት ላይ ንስሩ ለማይመጣው ጠላት ብሎ ያጠራቀመውን የጦር ግምጃ ቤት ሰበሩት። ጠባቂዎቹ ወታደሮች ልብሳቸውን አውልቀው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ቀንድ ያልነበረው ቀንድ አወጣ፤ ጥንቸል ሳትቀር ጠመንጃ ያዘች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ ወጣ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ ይተኩሱ ነበር፤ የተተኮሰው ጥይት ተመልሶ ሲወርድ ሕፃን ይገድላል። ቀጥሎ እርስ በርስ። ጫካው ጸጥ እስኪል 2 ሺህ ያህል ሞቱ። በሚያዝያ ጣሊያን የምትመራው ጦር በባሕር መጣ፤ በሰኔ ምርጫ ሆነ፤ በሐምሌ አውራ ዶሮው ከቆጡ ወረደ።

ከእትዬ በግ ልጆች ሁለቱ በዚያ ክረምት በባሕር ሊሻገሩ ሞከሩ። አንዱ ደረሰ።

እመት ኤሊስ? ቆዳዋን ፀሐይ አቃጠለው፣ ውርጭ ሰነጠቀው። ጃርት እሾሁ ስለሚወጋት ጎጆው ውስጥ ሊያስጠጋት አልቻለም እንጂ ክፉ ጎረቤት አልነበረም። አንድ ቀን ማሳው ዳር ካለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ወሰዳት። ውስጡ ሽንት ሽንት ይሸታል፤ ልጆች ይጫወቱበት፣ እረኞች ይጠለሉበት ነበር። ጠረገችው። በአፈሙዙ ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ሰቀለች፤ በጨርቁ በኩል የምታየው ባሕሩን ነው። ንስሩ ከእሷ ጀርባ የቀዳው ቅርጽ ነበርና ልክ ሆናት፤ ብቻ ተሸክማው መሄድ አትችልም።

ዓመታት አለፉ። ወፎቹ ፍሬ መላክ አላቋረጡም፤ ጎጆዎች ተጠገኑ፤ የቀበሮ ዘመዶች አንዳንዶቹ ታሰሩ። ቆጡ ላይ የወጡት ተተኪዎች እነሱም እርስ በርስ ተነካከሱ። በ2005 ሐምሌ ደግሞ ምርጫ ሆነ። ያው አውራ ዶሮ አሸነፈና ተመልሶ ወጣ፤ ማንም በጉልበት አላወጣውም፣ እንስሳቱ ናቸው የመረጡት።

አያ ጃርት ወደ እመት ኤሊ ጉድጓድ መጣ።

“እውነቱን ንገሪኝ፤ እሱን መረጥሽ?”

“ብመርጠውስ? ያኛው ስምንት ዓመት ቆጡ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ልብሴን አመጣልኝ?” ብላ ከጨርቁ ሥር ደረሰኟን አወጣች። “ቀለሙ ለቋል፤ ግን ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ይልቅ አንተ ሒሳብ ትችላለህ። በሦስት ወር ሦስት እጥፍ ነው ያሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳላወጣ ትቼዋለሁ። እስቲ አስላልኝ፣ አሁን ስንት ደረሰልኝ?”

ጃርት አፈሩን በእሾሁ እየጫረ ጀመረ። አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኙ ሃያ ሰባት። በዓመት አራቴ፣ በስምንት ዓመት 32 ጊዜ። መሬቱ እስከ ወይራው ሥር ድረስ በቁጥር ተሞላ። መሽቶ ጨረቃ ወጣች። በመጨረሻ ቀና አለ፦

“1 ሺህ 853 ትሪሊዮን ድንጋይ ልብስ ይሆናል። ከእነ ቅንጥብጣቢው።”

“ይኼን ሁሉ?”

“እነሱ ባሉት ከሄድን፣ አዎ። በምድር ላይ የተፈለፈለ ኤሊ ሁሉ ከአዳም ጀምሮ ቢያወልቅ አይሞላም። ምን ታደርጊበታለሽ?”

“እኔ እንኳ የምፈልገው አንዱን ነው” አለች እመት ኤሊ፤ “የራሴን።”